ብሎን ማጥበቅ ማስተኛት አይሆንም

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌና የልጅ ልጃቸው ደሴ ሸዋበር ወዳለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ መጡ። ሽማግሌው በጋቢ የተጠቀለለ ቤልጅግ ጠመንጃ ይዘዋል። ልጁ ደግሞ ጥቁር ፌስታልና ስልክ። መጀመሪያ የመሣሪያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። (ወረቀት በሌለው ጠመንጃ ላይ ካቻቢቴ አላነሳም። አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ይቅርና ድሮም አላነሳም ነበር።) ባዶ መሆኑን ሁለቴ አየሁ። ጋቢው ሲገለጥ እንጨቱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ከቃታው ኋላ ግን፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት አንገቱ ላይ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወደ ሰደፉ ይወርዳል።

«ጽሑፉ እንዳለው ነው ያሠራነው ጋሼ» አለኝ ልጁ። ስልኩን አቀበለኝ።

ጽሑፉ «አዲስ እንጨት ለአሮጌ ጠመንጃ፣ የግማሽ ቀን ሥራ» ይላል። ጸሐፊው ውጭ አገር የሚኖሩ አዳኝ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ደህና ተደርጎ የተቦረቦረ እንጨት ብሎኑን አጥብቆ ማሰር ብቻ ይበቃዋል። ብረቱን በኢፖክሲ (ሁለት ዕቃ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ማጣበቂያ) ማስተኛት የሰነፍ አናጢ መሸፈኛ ነው። የግድ ክፍተት ካለ የመኪና ስቱኮ ይሞላዋል፣ ከኢፖክሲ ጋር «ያው ነው»። በርሜሉ ከግርጌ እስከ ጫፍ እንጨት ላይ መጋደም አለበት። ከእንጨት ሁሉ የሚሻለው ጠንካራው ነው፣ ለአገር ቤት ሰው ወይራ። ውስጡ አሉሚኒየም ያለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰደፍ ከሆነ ደግሞ ምንም አይፈልግም። መጨረሻ ላይ ሦስት ጥይት ተኩሶ ማየት ነው።

ሰውየው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ብዕራቸውም ጥሩ ነው። ችግሩ ያ ቤልጅግ ምክራቸውን አንድ በአንድ ተከትሎ መሠራቱ ነው። ስለዚህ መልሴን እሱን እየፈታሁ ልስጥ።

ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ጠመንጃ ብረትና እንጨት ነው። ብረቱ ስል በርሜሉንና ቃታው የሚመላለስበትን ቤት ማለቴ ነው። ይህ ብረት እንጨቱ ላይ በተቦረቦረለት ቦታ ይቀመጥና ከሥር በብሎን ይታሰራል፤ ቤልጅግ ላይ በሁለት። ከቤቱ ፊት፣ በርሜሉ ከሚጀምርበት ሥር፣ ወደ ታች የወጣ አጭር ጥርስ አለ። ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል። ርግጫውን ከብረቱ ተቀብሎ ለእንጨቱ የሚያስረክበው ያ ጥርስ ነው። ማስተኛት የምለው ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ኢፖክሲ አድርጎ፣ ብረቱን በላዩ አስቀምጦ፣ የብረቱን ልክ ማስያዝ ነው። ኢፖክሲው ሲደርቅ ብረቱ ይነሳል። የራሱ ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ፣ ሳይጣመም፣ ተመልሶ ይተኛል። ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ብሎኑ። «ክንድህ እስከቻለ አጥብቅ» ይላሉ ጸሐፊው። ልጁም አጥብቋል፣ ጎበዝ ክንድ አለው። ምላጩን የሚከበው ብረት እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ ነበር። የግራ እጄን ጣት በርሜሉና እንጨቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አደረግኩና የፊተኛውን ብሎን ቀስ ብዬ ፈታሁ። ግማሽ ዙር ሳይሞላ በርሜሉ ከጣቴ ሥር ብድግ አለ። መልሼ አጠበቅኩ፣ ዝቅ አለ። ልጁን «ና አንተም ሞክር» አልኩት። ሞከረና ሳቀ። ሁለተኛ ሞከረ። ያኔ መሳቁን ተወ።

ምን ማለት ነው? ብረቱ የተቀመጠበት እንጨት ወጣ ገባ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ብረቱን እየጎተተ እንደ ደጋን አጎበጠው። ብረት አይታጠፍም ብሎ የሚከራከር አለ። ይታጠፋል። የኛ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ያልተስተካከለ መሬት ላይ አይወዛወዝም፣ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን ይወዛወዛል። ጠረጴዛውን መወዛወዙ እንዲቆም ከላይ ብትጫነው መሬቱ አይስተካከልም፣ ጠረጴዛው ይጣመማል እንጂ። ክንድ እስከቻለ ማጥበቅ ማለት ይህ ነው። በዚያ ላይ እንጨት ይታመቃል። ዛሬ ጠብቆ ያደረ ብሎን ከወር በኋላ ላልቶ ይገኛል። ደግሞ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሰምጣል።

በቁጥር ለሚወድ ሰው፦ ከሥሩ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ቦኮላ (ብሎኑ የሚያልፍበት አጭር ቱቦ) ላለው ሰደፍ የተለመደው ልክ 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ባዶ እንጨት ላይ ደግሞ ከ3.5 እስከ 5። የመኪና ጎማ ብሎን 100 አካባቢ ይጠብቃል። ልዩነቱን አስቡት። ቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ መፍቻ) የሌለው ሰው በአጭር ካቻቢቴ፣ በጣት ጉልበት ይሥራ። በክንድ አይሞክር።

ቦኮላ ካነሳን አይቀር ፌስታሉን ገለበጥኩት። ሁለት ትንንሽ ብሎኖችና የጣት አንጓ የማትሞላ የብረት ቱቦ ወደቁ።

«እነዚህ ተርፈው ነው» አለ ልጁ።

ትርፍ አይደሉም። ቤልጅግ የምንለው ቤልጅግ አገር ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ ማውዘር ነው፣ የጀርመኑ የ1898 እ.ኤ.አ. ሞዴል ልጅ። ያቺ ቱቦ የኋላኛው ብሎን የሚያልፍባት ናት። ከላይ ቤቱን፣ ከታች የምላጩን ብረት ትነካለች። ብሎኑ ሲጠብቅ ኃይሉ ከብረት ወደ ብረት ይሄዳል፣ እንጨቱ አይታመቅም። ዛሬ በውጭ አገር ጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ በሁለቱም ብሎኖች ዙሪያ ቦኮላ መትከል የተለመደ ነው። እንግዲህ የማውዘር ሠሪዎች ለኋላኛው ብሎን ያንን ከ100 ዓመት በፊት አስበውበታል። ሁለቱ ትንንሽ ብሎኖችም ትልልቆቹ በርግጫ እንዳይላሉ የሚቆልፉ ናቸው። ጽሑፉ ስለ ሦስቱም አንድ ቃል የለውም። ሰውየው ፎቶ ላይ የሚያሳዩት ጠመንጃ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይሆናል። ግን ርዕሳቸው «ለአሮጌ ጠመንጃ» ነው የሚለው።

«ማስተኛት የሰነፍ አናጢ መሸፈኛ ነው» የሚለው ነጥብ በጣም ነው የከነከነኝ። ሙያዬን ስለሚነካ ብቻ አይደለም። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በመሮ ያበላሸውን በኢፖክሲ የሚደፍን ሰው አለ፣ አውቃለሁ፣ ሥራውንም ፈትቼ አይቻለሁ። የአሜሪካ ጦር ግን ለውድድር የሚያዘጋጃቸውን ኤም 14 ጠመንጃዎች በዚህ መንገድ ሲያስተኛ የኖረው አናጢዎቹ ሰንፈው አይደለም። እንጨት የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቦረቦር ጸንቶ አይቆይም።

የቤልጅጉን ጉዳት ያመጣውም እዚህ ጋ ነው። የኩራዝ ጥላሸት አመጣሁ። የብረቱን ሆድ፣ ጥርሱንና የኋላ ጭራውን በስሱ ቀባሁ። እንጨቱ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ጫን አደረግኩትና አነሳሁት። ጥላሸቱ የነካውን ይናገራል። ከጥርሱ ኋላ ያለው የእንጨት ግድግዳ ንጹሕ ነው። ምንም ጥቁር የለውም። ከጭራው ኋላ ግን፣ ስንጥቁ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ጥቁር ግማሽ ጨረቃ ታትሟል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ሽብልቅ ሆኖ ነዋ የፈለጠው!» አሉ።

በትክክል። ርግጫውን ጥርሱ መቀበል ሲገባው ቀጭኑ ጭራ ተቀበለው። እንጨት ደግሞ በርዝመቱ ላይ በሽብልቅ ሲመታ ምን እንደሚሆን ማገዶ የፈለጠ ሁሉ ያውቃል። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት የፈለጡት ሽማግሌ ከኔ ቀድመው ገባቸው።

ሲስተኛ ግን የጥርሱ የኋላ ፊት ኢፖክሲው ላይ ግጥም ይላል። ፊቱን፣ ጎንና ጎኑን፣ ሥሩን ደግሞ ከመጣበቁ በፊት በናስትሮ ትሸፍነዋለህ። ኢፖክሲው ደርቆ ናስትሮው ሲላጥ በነዚያ በኩል ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ ጥርሱ የሚነካው በሚረገጥበት በኩል ብቻ ነው። ከጭራው ኋላም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አየር ይተዋል፣ ሽብልቅ እንዳይሆን። የድሮዎቹ ወታደራዊ ማውዘሮች ከዚህም አልፈው ከጥርሱ ኋላ እንጨቱን አቋርጦ የሚያልፍ ብረት ነበራቸው። «የድሮው እንጨት ላይ እንዲህ ያለ ብረት ነበረ?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። እንጨቱን ምስጥ በልቶት ማገዶ አድርገውታል። ብረቱ አመዱ ውስጥ ቀርቷል።

ኢፖክሲ የሚያስፈራ ነገር እንዳለው አልደብቅም። ጸሐፊው «ብረቱ ተጣብቆ ይቀራል» ብለው ያስፈራራሉ። ሊጣበቅ ይችላል፣ እኔ ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት ብረቱን የጫማ ቀለም ቀብቼ (ኪዊ ብረቱ ከኢፖክሲው እንዳይጣበቅ ጥሩ ነው፣ በስሱ ሁለት ጊዜ) አስተኛሁ። የብረቱ ሆድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በልጆች መጫወቻ ሸክላ መድፈን ረሳሁ። ኢፖክሲው ገብቶ እንደ ሚስማር ያዛት። በማግሥቱ ብነቀንቅ፣ ብጎትት፣ በጎማ መዶሻ ብነካካ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ የሁለት ሳምንት ሥራዬን በመሮ ፈለጥኩት። ለባለቤቱም ሌላ እንጨት በነፃ ሠራሁለት። ያ ግን የመርሳት ጥፋት ነው። መጋዝ ጣት ይቆርጣል ተብሎ በእጅ እንጨት አይሰበርም።

ስቱኮውን በአጭሩ ልለፈው። ቤልጅጉ ከጥርሱ ሥር ስቱኮ ነበረው። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ ሽሮ ተፈረፈረ። ስቱኮ የተሠራው የመኪና ቆርቆሮ ላይ በስሱ ተለቅልቆ፣ ተፍቆ፣ ቀለም እንዲቀባ ነው። ሲደርቅ ከኢፖክሲ ይበልጥ ይኮማተራል፣ መዶሻም አይችልም። «ያው ነው» የሚለው ቃል ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲወጣ ቢፈቀድልኝ የማወጣው ነው።

በርሜሉ እንጨት ላይ ይጋደም የሚለውስ? እዚህ ጋ ለጸሐፊው ትንሽ ቦታ ልልቀቅ። የእንግሊዞቹ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ሲሠራ ጀምሮ እንጨቱ ጫፍ ላይ በርሜሉን ወደ ላይ እንዲገፋው ተደርጎ ነው። እሱን ነካክቶ በርሜሉን ነፃ የሚያደርግ ሰው ጠመንጃውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕግ የለም። ግን ከግርጌ እስከ ጫፍ መጋደም ሌላ ነገር ነው። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል፣ ሲግል ይረዝማል። እንጨቱ እዚህ ነክቶት እዚያ ከለቀቀው፣ ክረምት ገብቶ ደግሞ ከሌላ በኩል ከገፋው፣ ዛሬ የተስተካከለው ዒላማ ነሐሴ ላይ ሌላ ቦታ ይገኛል። በአዲስ እንጨት ላይ የሚያስተማምነው ቤቱን ማስተኛት፣ በርሜሉን ከግርጌው ሁለት ሦስት ጣት ካለፈ በኋላ ነፃ መልቀቅ ነው። እኔ የምለካው በመቶ ብር ኖት ነው። ኖቱን በርሜሉ ሥር አስገብቼ ወደ ቤቱ እስበዋለሁ። ከያዘብኝ ሥራው አላለቀም። የቤልጅጉ እንጨት ኖቱን ገና ጫፉ ላይ ነከሰው። ልጁ «እንዳይቀደድ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ፣ ብሩ የሱ ነበር።

ወይራ። ጸሐፊው ከአገር ከወጡ ቆይተዋል መሰለኝ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ማን ይክዳል? ለዱላ፣ ለዘነዘና፣ ለጭስ እሱን የሚያክል የለም። ግን ከባድ ነው። ሲደርቅም መሰንጠቅ ይወዳል። የጠመንጃ እንጨት የሚፈለገው ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን በቦታው መርጋቱ ነው። ፈረንጆች ዋልነት የሚባለውን እንጨት የሚመርጡት ለዚህ ነው። እዚህ ዋንዛ የተሻለ ነው። ከዋልነት ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ያለ ቦኮላ አይታሰብም። ግን መሮ ይታዘዛል፣ ቅርጹንም ይጠብቃል። የሚቆረጠው ደግሞ ጭረቱ አንገቱ ላይ በርዝመት እንዲሄድ ነው። አግድም ከሄደ ኢፖክሲ አያድነውም።

ከዝርያው በላይ ደረቅነቱ ይበልጣል። «መቼ ነው የተቆረጠው?» አልኳቸው።

«ረመዳን ሲገባ» አሉ ሽማግሌው። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የቆየው የአናጢ ልማድ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲም ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ጥላ ሥር ማድረቅ ነው። የጠመንጃ እንጨት አምስት ሳንቲም ሲሆን ሁለት ዓመት ማለት ነው። እርጥብ እንጨት ላይ የተስተኛ ብረት እርጥብ መሬት ላይ እንደተሠራ ቤት ነው፣ ግድግዳው በኋላ ነው የሚናገረው።

እንጨት ውሃ ጠጥቶ ማበጡ የኛ ክረምት ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካኖች ኤም 40 የሚሉትን የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ በ1966 እ.ኤ.አ. ቬትናም ይዘው ሲገቡ ሰደፉ እንጨት ነበር። በዚያ እርጥበት እንጨቱ እየተጣመመ በርሜሉን መግፋት ጀመረ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ተተኪው ኤም 40 ኤ 1 የፋይበር ግላስ ሰደፍ ነው የተሰጠው። ብረቱ በኢፖክሲ እንዲስተኛ ግን ተደርጓል። ሰደፉ እንጨት መሆኑ ከቀረ በኋላም ማለት ነው። «መሸፈኛ» የሚሉት ጸሐፊ ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የአሉሚኒየሙ ነጥብ የሳቸው ጠንካራ ነጥብ ነው። እኛ ጋ የማይገኝ ዕቃ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። የአሜሪካ ጦር በ1988 እ.ኤ.አ. ያስገባው ኤም 24 ጠመንጃ ውስጡ የአሉሚኒየም መተኛ ባለው ሰደፍ ነው የሚሠራው፣ በደንብም ይሠራል። ስለዚህ «ብዙ ጊዜ ምንም አይፈልግም» ቢሉ አብሬያቸው ነኝ። «ምንም ጊዜ» ሲሉ ነው የምለያየው። አሉሚኒየሙም በማሽን የተቆረጠ ነው፣ ብረቱም። ሁለቱ ልክ መግጠማቸው በጽሑፍ አይታወቅም፣ የፊተኛውን ብሎን ፈትቶ በርሜሉ ብድግ ይል እንደሆነ በማየት ነው። ብድግ ካለ ቀጭን የኢፖክሲ ንጣፍ ያስተካክለዋል።

ሦስት ጥይት? ሦስት ጠጠር ወርውረህ ሦስቱም ተጠጋግተው ቢወድቁ ጎበዝ ወርዋሪ ነህ ማለት አይደለም። ቤልጅጉም መጀመሪያ ቀን ሦስት ጥይት ጥሩ አድርጎ መትቷል አሉኝ። እንጨቱ የተሰነጠቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ግማሽ ቀኑ ቀረ። ይህንን ጸሐፊው በቅንነት የጻፉት ይመስለኛል፣ ሞቃት ጋራዥ ካላቸው። ደህና ኢፖክሲ በክፍል ሙቀት አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጊዜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ የኔ ሥራ ቤት ውስጥ ኢፖክሲ እንደ ማር ተለጥጦ ይቀራል። በጥድፊያ ቶሎ የሚያደርቀው እንዲጨመር የሚጠይቁኝ አሉ። የሁለቱ ዕቃ መጠን ከፋብሪካው ልክ ከወጣ ግን ኢፖክሲው ለዘለዓለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ይለያል። ቶርኖ ቤት ያለው ጓደኛዬ ቦኮላዎቹን ይቆርጥልኛል። የሥራ ፈቃዴንና የባለቤቱን ወረቀት ይዤ፣ ሽማግሌውም አብረውኝ፣ እዚያው አስተኝተን እናሳድራለን።

ዋንዛው ከቆጥ ላይ ወርዷል፣ ስድስት ዓመት እዚያ ነበር። ቡርቦራው አልቋል። ያቺ ከፌስታል የወጣች ቱቦ በቦታዋ ገብታለች። ለፊተኛው ብሎን ጓደኛዬ አንድ ቦኮላ ቆርጧል፣ ለጥርሱም ከኋላው የሚያልፍ ብረት። ትናንት ከሰዓት ኢፖክሲውን ቀላቅለን፣ ናስትሮውን አድርገን፣ ኪዊውን ቀብተን፣ ቀዳዳዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ጮክ ብለን ቆጥረን ደፈንን። ልጁ ነው የቆጠረው። ብረቱ ሲቀመጥ ትርፉ ኢፖክሲ በጠርዙ ቀስ ብሎ ፈሶ ወጣ፣ በጨርቅ ጠረግነው። ብሎኖቹን በጣት ጉልበት ብቻ ያዝ አደረግናቸው።

«አሁን ይጥበቅ?» አለ ልጁ ካቻቢቴውን እንደያዘ።

«ተው» አሉት አያቱ።